የነብሯ ርስት

አዛውንቱ ኒባሮን ያን ዕለት ከማንም ሰው ጋር ቃል መለዋወጥ አልፈለጉም ነበር። ባል የሞተባትን ምራታቸውን ሞይናን ከነልጇ ወደ ወንድሟ ቤት ሊመልሷት ነበር የወጡት። እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዘ ሰው ዝም ብሎ ሄዶ ዝም ብሎ ቢመለስ ይመርጣል። ነገር ግን በሱንደርባን፣ ወንዞቹ ከባሕሩ ጋር አብረው በሚሞሉበትና አብረው በሚጎድሉበት በዚያ የደሴቶች አገር፣ በመንገድ ላይ የሚያዘው መንገደኛው ሳይሆን ውሃው ነው። ጀልባዋ ሁለቱን ደሴቶች ከሚለየው ሰርጥ መሃል ስትደርስ ውሃው ከዳት፤ ሆዷ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«በቃ!» አለ ባለጀልባው ጎፉር ሞተሩን አጥፍቶ። «ውሃው እስኪመለስ እዚሁ ነን። የቸኮለ ካለ ወርዶ ይግፋ። ጭቃው ከወገብ ቢያልፍ ከብብት አያልፍም።»

ማንም አልሳቀለትም። የገበያ ቀን ስላልነበረ ተሳፋሪው ጥቂት ነው። ሞይና ነጭ ሳሪዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ትንሿን ቱኒን ታቅፋ ከጀልባዋ ፊት በኩል ተቀምጣለች። ኒባሮን ጀርባቸውን ሰጥተዋት መሃል ላይ ናቸው። ከእነሱ ሌላ የነበረችው አንዲት ወጣት ብቻ ናት፤ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰ፣ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ እግሯ ሥር ያኖረች። ቦርሳዋን ከፍታ የፈነዳ ሩዝ አወጣች፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ፣ የሰናፍጭ ዘይት ጠብ አድርጋ በጋዜጣ ላይ አሸችውና መጀመሪያ ለሽማግሌው ዘረጋች።

«ዳዱ፣ ይቅመሱ» አለች፤ በዚያ አገር አያት የሚጠራበት ስም ነው።

ኒባሮን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ የቃሪያው ሽታ አሸነፋቸውና ቆነጠሩ። ልጅቷ ጋዜጣውን ወደ ሞይና አዞረችው። ሞይና እጇን አልዘረጋችም፤ የአማቷን ጀርባ ነበር የምታየው።

«ብዪ እንጂ» አሉ ኒባሮን ሳይዞሩ።

ያን ጊዜ ሞይና ጥቂት ዘግና ለልጇ አበላች፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም።

«የየት ልጅ ነሽ?» ሲሉ ጠየቁ ሽማግሌው። የሰው ምግብ ቀምሶ ዝም ማለት ነውር መሰላቸው።

«የማዶዋ ደሴት ልጅ ነኝ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጁቲካ እባላለሁ። ኮልካታ ተምሬ ስለ ዱር እንስሳት አጠናሁ፤ አሁን ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ካሜራ እናስራለን። አጎት በፊቱ ሲያልፍ ካሜራው ራሱ ፎቶ ያነሳዋል።»

አጎት ያለችው ነብሩን ነው፤ መላ አካሉ በጥቁር መስመር የተሸነተረውን፣ ወንዙን ዋኝቶ የሚሻገረውን ያን ግዙፍ አውሬ። የዚያ አገር ሰው ስሙን በአፉ ማንሳት አይወድም፤ በዘመድ አጠራር ያቆላምጠዋል።

«አጎትን ፎቶ?» አሉ ኒባሮን። «አስፈቅዳችሁት ነው?»

«ያስፈቀዱት እንደሆነ ጺሙን ሳላበጥር አትንኩኝ ይላል» አለ ጎፉር ከኋላ። ወዲያው ዐይኑ ሞይና ላይ አረፈ፤ የጎፉር ምላስ ደግሞ ዐይኑ ካረፈበት አይርቅም። «ይቺ የሟቹ የፖሬሽ ሚስት አይደለችም እንዴ? ለጥየቃ ነው ወይስ… ሳጥኗንም ይዛለች። ለካ ልትመልሷት ነው!»

ሞይና ሳሪዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበችው። ኒባሮን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን አድርጋ?» አለች ጁቲካ ቀስ ብላ።

«የቤት ነገር ነው፣ ልጄ።»

«የቤት ነገር ከሆነ ይቅርታ፤ አልገባበትም። ነገር ግን አጎት የገባበት ነገር ከሆነ እንጀራዬ ነውና እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው ይህን መልስ አልጠበቁትም። እንዲህ ያለችን ልጅ መቆጣት ይቻላል፤ አለመመለስ ግን ይከብዳል። ስለዚህ አስረዷት፤ እሷም ብትሆን የዚያው አገር ልጅ ናትና የምታውቀውን ነገር ነበር የነገሯት። ባል ለማር ቆረጣ ወይም ለሸርጣን ጫካ ሲገባ ሚስቱ ቤቷ ሆና ባል እንደ ሞተባት ሴት ትሰነብታለች። ፀጉሯን አታበጥርም፣ በሳሙና አትታጠብም፣ በርበሬ አትቆላም። የጫካዋ እመቤት ቦንቢቢ ባሏን በምሕረቷ የምትመልሰው ይህን ስታይ ነው። ሚስቲቱ የጣሰች እንደሆነ ግን አጎት ይመጣል።

«ሞይና ጣሰች ማለት ነው?»

«ልጄ ጫካ እያለ ፀጉሯን አበጥራለች። ጎረቤት አይቷል። መንደሩ በሙሉ ባሏን የበላች ይላታል። ባለቤቴ ፑሽፖ አንድ ጣሪያ ሥር አልውልም ካለች ሰነበተች። እኔ ምን ላድርግ?»

ኒባሮን ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጁን የቀበረ ሰው ለሐዘኑ ምክንያት ሲያጣ፣ ሌላው የሚያቀብለውን ምክንያት በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ምክንያቱም ልብ «በከንቱ ሞተ» ከሚለው ቃል ይልቅ «እገሌ ገደለው» የሚለውን መሸከም ይቀልለዋል። ብዙ ጥፋት በዓለም ላይ የሚደርሰው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ድካም ነው።

«ዳዱ» አለች ጁቲካ፣ «ይህን ልማድ አልንቀውም። አባቴ ጫካ ሲገባ እናቴ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ደስታዬን አንተ እስክትመለስ አስቀመጥኩት ማለት ነው፤ ፍቅር ነው። እኔን ያስከፋኝ ፍቅር የነበረው ነገር ፍርድ ሲሆን ነው።»

«ለጫካ ገቢ ልብ የሚሆነው እሱ ነው እኮ! አንቺ ከነካሜራሽና ከነጠመንጃ ያዥ ዘበኛሽ ነው የምትገቢው። እኛ የምንገባው በመጥረቢያ ነው። ከኋላችን የሚጠብቀን አለ ብለን ካላሰብን እግራችን ከጀልባው አይወርድም።»

«ልክ ነዎት። ይህንን አልከራከርም።» ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ፖሬሽ ሲሞት አብረውት ነበሩ?» ስትል ጠየቀች።

«ነበርኩ።»

«ከከበደዎት አይንገሩኝ።»

ኒባሮን ግን ነገሯት፤ አብሯቸው ካለቀሰው ሰው ሁሉ አንድም እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የጀልባው ገመድ ከጭቃው በወጣ የዛፍ ሥር ላይ ተተብትቦ ነበር። ፖሬሽ «እኔ ልፍታው» ብሎ ወረደ። ሌሎቹ ቆመው ማሩን ይጭናሉ። ጎንበስ አለ። ከቁጥቋጦው ድምፅ አልተሰማም፤ ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም። በኋላ የተሰማው የሰው ጩኸት ብቻ ነበር።

«ከፊቱ ነው ከኋላው?»

«ከኋላው።»

«የቆማችሁት አጠገቡ ነበራችሁ?»

«ክንዴን ብዘረጋ እነካው ነበር።»

«ያን ጊዜ ከእናንተ መሃል እሱን የመረጠበትን ምክንያት አጎት ራሱ አሳይቶኛል። በካሜራችን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየውን ሰው ሲያገኝ ተመልሶ ይሄዳል። ጎንበስ ያለ ሰው ግን ለእሱ አጋዘን ነው። አንገቱን ያያል፣ ፊቱን አያይም። የኛ ሠራተኞች አንዱ ሲጎነበስ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶት ጫካውን እያየ እንዲቆም የታዘዙት ለዚህ ነው። ዳዱ፣ አጎት ያየው የፖሬሽን ጀርባ ነው። የሞይናን ማበጠሪያ አላየም።»

«ዝም በይ!» አሉ ሽማግሌው ጮኸው። ቱኒ ደንግጣ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። «ልጄን ሳታውቂው ስለ ሞቱ ልታስተምሪኝ! አሁንስ በዛ።»

ውሃው እየሸሸ ሄዶ የሰርጡ ሁለቱ ዳርቻዎች ራቁታቸውን ቀሩ። አንድ ጥፍራቸው ቀይ የሆነ ትናንሽ ሸርጣኖች ከየቀዳዳቸው እየወጡ ጭቃው ላይ ይራወጡ ጀመር። ማዶ፣ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ፣ ዛፎቹ መተንፈሻ ሥራቸውን ከጭቃው ወደ ላይ አቁመው ጸጥ ብለዋል።

መልሰው የተናገሩት ኒባሮን ነበሩ። ሽማግሌ ተቆጥቶ ዝም ሲል ጠቡ አለቀ ማለት አይደለም፤ መሣሪያ እየመረጠ ነው።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ይህ ቀን ከሌት የምታዪው አጎት አንቺ እንዳልሽው አስተማሪ ከሆነ፣ ከሥጋ መብላት ሌላ ምን ያስተምራል?»

«እርስዎ ከኔ በፊት ያዩትን ነው የምነግርዎት። ዛፍ ቧጥጦ፣ ሽታውን ረጭቶ ወሰኑን ያበጃል አይደል? ሌላው ነብር ይመጣል፣ ያሸታል፣ ባለቤት እንዳለው ያውቅና መንገዱን ይለውጣል። ያን የመሰለ ክንድ እያላቸው ጠብን ይሸሻሉ፤ የቆሰለ ነብር ማደን ስለማይችል ያሸነፈውም ቢሆን በረሃብ ይሞታል።»

«ይሄ እውነት ነው» አሉ ኒባሮን፤ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «እኔና ወንድሜ ለአንድ ክንድ አጥር ብለን ስንት ዝናብ ሙሉ ተኳረፍን። ሁለታችንም ቆስለን ቀረን።»

«እናት ነብርም አደን ስትወጣ ብዙ ጊዜ ትስታለች። አድብታ አድብታ ትዘላለች፣ አጋዘኑ ያመልጣል። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለች? ትተኛለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ሌላ ቦታ ታደባለች። አደኑ ሲበላሽባት ዞራ ግልገሏን ስትነክስ አላየሁም። በማን ላይ ላላክክ አትልም።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ኒባሮን ገባቸው። ስለዚህ የመረጡትን መሣሪያ መዘዙ።

«ወንዱስ?» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ወንዱ ነብር ግልገል አይገድልም? በዐይኔ አይቻለሁ! በማር ቆረጣ ጊዜ፣ ጉሮሮውን የተነከሰ የነብር ግልገል ወንዝ ዳር ተጥሎ አግኝተናል። ይህንንም እንማር? መቼም አስተማሪ ሲያስተምር ግማሹን ደብቆ አይደለም።»

«ያዙሽ!» አለ ጎፉር ጭኑን እየመታ። «አሁን ምን ልትይ ነው፣ የተማርሽው?»

የሽማግሌው ክርክር የሚናቅ አልነበረም፤ አውሬ በጎውንም ክፉውንም ይሠራል፣ ከሁለቱ መምረጥ የሰው ፈንታ ነው። ጁቲካ እንዲህ ብላ ብትመልስ በቂዋ ነበር። ወጣትነት ግን ከበቂው አልፎ ይሄዳል።

«ይገድላል» አለች። «የግልገሎቹ አባት በሕይወት ሳለ ማንም አይነካቸውም። አባታቸው ሲሞት ግን ሌላ ወንድ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚያጠፋው የሟቹን ልጆች ነው። ይህን እንኳ ከአጎት መማር አያስፈልገንም፣ ዳዱ። ሳንማረው እያደረግነው ነው፤ ይኸው ሳጥኗን አስይዘን።»

ቃሉ ካፏ እንደ ወጣ ራሷም ደነገጠች። ኒባሮን በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ፊታቸው ቀላ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ጁቲካ ተንበርክካ እግራቸውን በእጇ እየነካች። «አፌ ቀደመኝ። ልጅ ነኝ፤ ሐዘንዎን መድፈር አልነበረብኝም።»

ያን ጊዜ ከጀልባዋ ፊት ድምፅ መጣ።

«ባባ» አለች ሞይና። አማቷን አባቴ ስትል እንዲህ ነበር የምትጠራቸው። ፖሬሽ ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል ደፍራ ተናግራ አታውቅም።

ሽማግሌው ዞሩ።

«አበጥሬያለሁ፣ ባባ። አልዋሽም። ቱኒ ትኩሳት ይዟት ፀጉሬ ላይ አስታወከችብኝ። ሽታው ራሷን ደግሞ ያስታውካት ነበር። ስለዚህ ታጠብኩ፣ አበጠርኩ። እያበጠርኩ አለቀስኩ፤ ፖሬሽ ትዝ አለኝ፤ ይቅር በለኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላስብም። ማበጠሪያውን ወንዝ ጣልኩት። መንደሩ የሚለኝን እኔም ራሴን እለዋለሁ።» ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ይቺ እህት የምትለውን ሰማሁ። ደግ ናት፤ ግን አታውቀኝም። እርስዎ ጫካውን ያውቃሉ፣ እኔንም ያውቁኛል። አጎት እጁን ሲያነሳ አጠገቡ ነበሩ። እርስዎ ይንገሩኝ። ፖሬሽን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

እንግዲህ ይህ ከክርክር ሁሉ የተለየ ጥያቄ ነበር። በክርክር ውስጥ ሰው የሚመልሰው ለማሸነፍ ነው። ሞይና ግን ልታሸንፋቸው አልፈለገችም፤ «አዎን» ቢሏት ተቀብላ ዕድሜዋን ሙሉ ልትሸከመው ተዘጋጅታ ነበር። ኒባሮን ይህን ፊቷ ላይ አነበቡ። ያነበቡትም ፈረደባቸው፤ አሁን «መንደሩ ይላል» ብለው ማምለጥ አይችሉም።

ገመዱ ትዝ አላቸው። የጎበጠው የልጃቸው ጀርባ ትዝ አላቸው። ከዚያ ደግሞ፣ ያላሰቡት ነገር፣ የባለቤታቸው የፑሽፖ እግር ትዝ አላቸው፤ ወጣት ሳለች፣ ዳር ዳሩን ቀይ ቀለም ተቀብታ።

«የፑሽፖ እህት ያገባች ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «ፖሬሽ ገና ይድህ ነበር። እኔ ጫካ ነበርኩ። ከሰርጉ አትቅሪ ብለው ወላጆቿ ወሰዷት። ፀጉሯን ዘይት ተቀባች፣ ጎነጎነች፣ እግሯን ቀለም ተቀባች። ለሦስት መንደር እንግዳ በርበሬ ቆላች። ስመለስ ወደቡ ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ‹ጣስኩ፣ ሞተህ የምትመጣ መስሎኝ ነበር› አለችኝ። በዚያ ዓመት ያገኘነውን ያህል ማር ከዚያ ወዲህ አላገኘንም። ጀልባው ከብዶት የቆረጥነውን እንጨት ወንዝ ጥለን ነው የመጣነው። ምን አልኳት መሰላችሁ? ሳቅኩ! ‹አጎትን ሰርግ ማን ጠርቶት ያውቅና› ብዬ ሳቅኩባት።»

ዐይናቸውን ወደ ሞይና መለሱ።

«ለሚስቴ ስቄ ያለፍኩትን» አሉ ኒባሮን፣ «ለልጄ ሚስት የሞት ፍርድ አደረግኩት።» ከተቀመጡበት ተነሥተው እየተንገዳገዱ ወደ ሞይና ሄዱና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። «አልገደልሽውም። ስሚኝ ልጄ። አጠገቡ ነበርኩ። ጎንበስ አለ፣ ጀርባውን የሚጠብቅለት አልነበረም፣ አጎት መጣ። ሌላ ነገር የለም። አንቺ አልነበርሽበትም።»

ሞይና ያን ጊዜ አለቀሰች። የባሏ ሞት የተነገረ ዕለት እንኳ «አስመሳይ» እንዳይሏት አፏን በሳሪዋ ጠቅጥቃ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ግን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ቱኒም አብራ አለቀሰች፤ ጎፉር ሞተሩን የሚያይ መስሎ አቀረቀረ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሽማግሌው ወደ ጁቲካ ዞሩ። ቁጣቸው ወጥቶላቸው የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ሆኖ ነበር።

«አሁን ፑሽፖን ምን ልበላት? እሺ ትበል። ነገ ደግሞ እኔ እሞታለሁ። ወንድሜ ‹ባል የሌላት ምራት ምን ርስት አላት› ብሎ ከቤት ያስወጣታል።»

«እርስዎ በሕይወት ሳሉ ቢሰጧትስ?»

«ለሴት? በኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው።»

«በአጎት ዘንድ የተለመደ ነው» አለች ጁቲካ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈገግታ። «ካሜራችን ለረጅም ጊዜ የሚከታተላት አንዲት እናት ነብር አለች፤ ጆሮዋ የተተለተለ። ግልገሎቿን ብቻዋን አሳደገች። ወንዱ ሲጎለምስ ርቆ ሄደ። ሴቷን ግን አላባረረቻትም። ከራሷ ግዛት ላይ አጋዘን የሚበዛበትን ዳርቻ ቆርሳ ተወችላት፤ እሷ ወደ ደረቁ በኩል ተሸጋገረች። አሁን ልጅቷ እዚያው ወልዳለች። የሚያውክ ቢመጣ ሁለት ሆነው ነው የሚያገኛቸው። በዚህ የከሰረች እንዳይመስልዎት፤ ወሰኗን በሌላ ሳይሆን በልጇ ነው ያጠረችው።»

ኒባሮን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምሥራቁ ሰርጥ በኩል አይደለም? የሁለቱን ዱካ አውቀዋለሁ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፤ አንድ ቦታ እየተገናኘ ይለያያል። እኛ ይጣላሉ ስንል ይጠያየቃሉ ማለት ነዋ!» ጥቂት አሰቡ። «ግን ሞይና ምራቴ እንጂ ልጄ አይደለችም።»

«ቱኒስ?»

ሽማግሌው ቱኒን አዩዋት። አልቅሳ ሲደክማት እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ አፍንጫዋ የፖሬሽ ነበር።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ በጭቃው ስንጥቅ ውስጥ እየሾለከ፣ ከዚያ እየሰፋ፣ ከዚያ ጀልባዋን ከታች አንስቶ ወዘወዛት። ጎፉር ሞተሩን አስነሣ። ማዶ ወደቡ ላይ የሞይና ወንድም ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ሳጥኑን ገና ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አምስት ልጆች ያሉት ድኻ ነው፤ አይፈረድበትም።

«እንዴት ሰነበትክ» አሉት ኒባሮን ከጀልባው ሳይወርዱ ገና። «እህትህ ናፍቃህ ለጥየቃ አመጣኋት። ሳጥኑን አትይ፤ የሴት ጓዝ ነው። ሩዝ ካላችሁ እንበላለን፣ የከሰዓቱ ውሃ ሳያመልጠን ከጎፉር ጋር እንመለሳለን።»

የሰውየው ፊት እንዴት እንደ በራ ማየት ያሳፍርም ያሳዝንም ነበር። ለምሳ ዓሣ አሠራ።

ፑሽፖ ግን እንደ ሞይና ወንድም በቀላሉ አልተቀበሉም። ሞይና ተመልሳ ግቢው ስትገባ ባዩ ጊዜ በሩን ዘግተው ከውስጥ ጮኹ። ኒባሮን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የፑሽፖን እህት ሰርግ አንድ በአንድ አነሱ፤ ዘይቱን፣ ቀለሙን፣ በርበሬውን። «እኔን ያልገደለኝ የአንቺ ፀጉር» አሉ፣ «ፖሬሽን የገደለው በየት በኩል የሷ ሆነ?» በሩ ያን ዕለት አልተከፈተም። በማግስቱ ተከፈተ፤ ፑሽፖ ግን ለብዙ ወር ሞይናን ቀና ብለው አላዩም። የእናት ሐዘን በክርክር አይረታም። ቀስ በቀስ የረታው ሌላ ነገር ነበር፤ ቱኒ ማታ ማታ ጉልበታቸው ላይ ወጥታ መተኛቷ፣ ሞይናም የታመመ እግራቸውን ያለ ቃል ማሸቷ።

ኒባሮን ከቤታቸው ጀርባ ያለውን መሬት ከነኩሬው በሞይናና በቱኒ ስም አዛወሩት። ወንድማቸው አኮረፈ፤ ይሁን አሉ። ጁቲካ ከምታውቃቸው ሰዎች የንብ ሣጥን አስመጣች፤ ሞይና ማሩን ጫካ ሳትገባ ከደጇ ትቆርጥ ጀመር፤ አበባውን ንቦቹ ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው ያመጡላታል። ሽማግሌው ወደ ጫካ ለሚገቡት ጎልማሶች ሁሉ አንድ ሕግ አወጡ፤ ማንም ሰው ጀርባውን የሚጠብቅለት ሳይቆም አይጎነበስም። አንዳንዶች ሳቁባቸው፤ ነገር ግን ሕጉን ጠበቁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉን ሳይጠብቅ ብቻውን ሸርጣን ሊይዝ የሄደ አንድ ጎረምሳ ሳይመለስ ቀረ። ሺኡሊ የምትባል ሚስቱ ገና ልጅ ናት። ሰዉ ግቢዋ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ማልቀሱ ሳያልቅ መንሾካሾኩ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር ባለፈው ዓርብ» አለች።

ኒባሮን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ ይህን ነገር ካንቺ በፊት ብዬዋለሁ» አሉ፣ «ስለዚህ የሚያመጣውን አውቃለሁ። ምራቴን ባሏን የበላች አልናት። ልጄን መልሶ አመጣልን? ባባርራት ኖሮ ልጅ ሞቶብኝ፣ የልጅ ልጅ አጥቼ፣ ከአሮጊቴ ጋር ተፋጥጬ እቀር ነበር። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ማር አለ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ውላ መጥታ የጋዜጣ ቁራጭ ታነብልኛለች። ስሙኝ፤ ጥፋቱን በሴት ላይ ባላከክን ቁጥር ወንዶቻችንን ማን እንደሚገድላቸው ሳናውቅ እንቀራለን። ሳናውቅ ስንቀር ደግሞ ሌላው ይሄዳል፣ እሱም ይሞታል። ይህ ልጅ የሞተው ብቻውን ስለሄደ ነው። ይህን ብንናገር ነገ አንድ ሰው ይተርፋል። ሳሙናውን ብንናገር ማን ይተርፋል? አጎት ወንዙን ተሻግሮ እኛን የሚያየን ቢሆን ምን ይለን ይሆን? እናት ነብር እንኳ አደን ከሸፈ ብላ የገዛ ዘሯን አታባርርም።»

በዚያ አገር ባሏን ነብር ከወሰደባት ሴት እጅ ውሃ የሚቀበል የለም፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ኒባሮን ሺኡሊ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ተናግሬ ጉሮሮዬ ደረቀ» አሉ። «ውሃ አምጪልኝ።»

ሺኡሊ ሰዉን ሁሉ ዞራ አየች። ከዚያ ተነሥታ ከማሰሮዋ ቀድታ አመጣችላቸው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው እስከ ሥሩ ጠጡት።

ያን ጊዜ ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል ፑሽፖ በታመመው እግራቸው እያነከሱ መጡ። ባላቸውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ቦታ አስለቀቁና ከሺኡሊ ጎን ተቀመጡ።

«ለኔም ቅጂልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ።